እህል አይጮህም

አንድ ጊዜ፣ ሥጋ በልና ሣር በል በአንድ ጎተራ ሥር በሰላም በሚከርሙበት ዘመን፣ ከወንዝ ዳር አውድማ እስከ ኮረብታው ራስ እህል የምታመላልስ አንዲት አህያ ነበረች።

ሰላሙ ከፍቅር የመጣ አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረ አንድ ክፉ ክረምት አደን ጠፍቶ አራዊቱ እርስ በርስ ሊተላለቁ ደርሰው ነበር። አንበሳ ሁሉንም ሰበሰበና ሕግ አወጣ። ሣር በሎች ያርሳሉ፣ ይወቃሉ፣ ያጓጉዛሉ። ክረምት ሲገባ ሁሉም ከጎተራው ቆሎ ይበላል። ጎተራው ውስጥ እህል እስካለ ድረስ ማንም በማንም ላይ ጥርሱን አያነሳም። እህሉ ሲያልቅ ሕጉም ያልቃል። አንበሳ ራሱ ፊቱን አጨፍግጎ ገብስ ይቆረጥም ነበር፤ ቢሆንም ቃሉን አላጠፈም።

አህያዋ ይህን ሕግ ከማንም ይበልጥ ታውቀዋለች። ከሕጉ በፊት እናቷ ምን እንደሆነች ታስታውሳለች።

ለማጓጓዣ ሦስት ጋሪዎች ነበሩ። አንዱን አህያዋ፣ ሁለተኛውን በሬ፣ ሦስተኛውን በቅሎ ትጎትተዋለች። መንኮራኩራቸው የእንጨት፣ መንኮራኩሩ የሚዞርበት ዘንግም የእንጨት ነው። እንጨት በእንጨት ላይ ሲዞር ይፋጫል፣ ይግላል፣ ይበላል። ለዚህ መድኃኒቱ ሞራ ነበር። ዕድሜ ጠግቦ የሞተ አንድ ጎሽ ትቶት የሄደው ሞራ ቀልጦ በትልቅ ገንቦ ጎተራው በር ላይ ተቀምጧል። አህያዋ ጠዋት ጠዋት ከገንቦው ቆንጥራ ዘንጉን ትቀባለች። ጋሪዋም ዳገቱን ያለ ድምፅ ይወጣል።

በሬው ሲያስታውስ ይቀባል። በቅሎዋ አትቀባም።

«የፈረስ ዘመድ እጁን ሞራ ውስጥ አይነክርም» ትላለች።

«አባትሽ ግን ሲቀባ አይቼዋለሁ» ይላታል በሬው። የበቅሎዋ አባት አህያ እንደነበር አገር ያውቃል። በቅሎዋም ይህ ወሬ ሲነሳ ሁልጊዜ ቸኩላ የምትሄድበት ቦታ አላት።

በዚያ ዓመት የበልጉ ገብስ ዘግይቶ ደረሰ። ክረምቱ ግን የሚዘገይ አይመስልም ነበር። አንበሳ ወደ ጎተራው ጎራ ብሎ ሲያይ እህሉ ከወገብ በታች ነው። ከአንድ ዓመት በፊት የበሬው ጋሪ ተሰብሮ ቆሞ ሲከርም ማንም እንዳልነገረውም ትዝ አለው። ስለዚህ አዘዘ።

«ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ጋሪ ምን ያህል እንደሚሠራ ተለክቶ ይነገረኝ። የማይሠራ ጋሪ ከባለቤቱ ይወሰዳል። ጋሪ የሌለው ከጎተራው ድርሻ የለውም።»

ድርሻ የሌለው ደግሞ ከሕጉ ውጭ ነው። ይህን አንበሳ አልጨመረም። መጨመርም አላስፈለገውም፤ አህያዋ ገብቷታል።

ትዕዛዙ በራሱ ክፉ አልነበረም። ለመለካት የተሾመው ግን ጅብ ሆነ። አንበሳ እህል የማይወድ የጎተራ ጠባቂ አይሰርቅም ብሎ አሰበ። ገንቦውን ረሳው።

ጅቡ ጎተራው በር ላይ ካለው ሾላ ሥር ተቀመጠ። አህያዋ ጭነቷን ልታራግፍ ስትደርስ ፊቱን በሁለት እግሩ መሃል ቀብሮ አገኘችው። ቀበሮም እንዳጋጣሚ በሚመስል አካሄድ ከቁጥቋጦ ብቅ አለች። የቀበሮ አጋጣሚ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከገንቦ አይርቅም።

«አያ ጅቦ፣ ምነው ፊትህ እንደ ሐምሌ ሰማይ ጠቆረ?»

«ለካ አሉኝ።»

«ታዲያ ለካ!»

«በምን ልለካ እመት ቀበሮ? መቁጠር እንደሆነ አልችልም። እስከ ዛሬ መቁጠር የጀመርኩትን ሁሉ ሳልጨርስ በልቼዋለሁ።»

ቀበሮዋ ጭራዋን ሰብስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጆሮህስ እንዴት ነው?»

«ጆሮዬማ ምን ይወጣለታል! ማዶ የሞተውን እዚህ ሆኜ እሰማለሁ።»

«የሞተ ደግሞ ይሰማል?»

«ዝንቡ ይሰማላ!»

«እንግዲያውስ ምን ያስጨንቅሃል?» አለች ቀበሮዋ። «ጋሪ ሲሄድ ይንቋቋል። ሲቆም ዝም ይላል። የሚጮህ ጋሪ ይሠራል፣ የማይጮህ ጋሪ ቆሟል። አንተ እዚሁ ጥላ ሥር ተኝተህ ስማ። ማታ የሰማኸውን ለንጉሡ ንገር። ከዚህ የቀለለ ሹመት ከየት ይገኛል?»

የጅቡ ፊት በራ። አህያዋ አቁማዳዋን ታራግፍ ነበር፤ ዝም ማለት ነበረባት፣ አላለችም።

«እመት ቀበሮ፣ የእኔ ጋሪ እኮ ሞራ ስለሚቀባ አይጮህም። እየሄደም አይጮህም።»

ቀበሮዋ ዞራ አየቻት። ከዚያ ገንቦውን አየች። ከዚያ ጅቡን።

«ሰማሃት አያ ጅቦ? ጋሪዎቹን ዝም የሚያሰኛቸው ሞራው ነው። ልክህን የሚያበላሽብህ እሱ ነው።»

አህያዋ ባዶ ጋሪዋን አዙራ ቁልቁል መውረድ ጀመረች። ቀበሮዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ የአህያ ጆሮ ርዝመቱን ግን ያሰበበት አልነበረም።

«እንግዲያው ሞራው ይከልከላ!» አለ ጅቡ፣ ምራቁን እየዋጠ።

«አትከልክል፣ ቂል! ከከለከልክ ንጉሡ ጆሮ ይገባል። አንተ የሚጮኸውን አመስግን፣ የማይጮኸውን ክሰስ። ሞራውን ራሳቸው ይተዉታል።»

«ከተዉት በኋላስ ሞራው ምን ይሆናል?»

ቀበሮዋ ወደ ገንቦው ዞራ ፈገግ አለች። ጅብም ቢሆን የሚገባው ነገር አለ።

በሳምንቱ መጨረሻ አንበሳ ጎተራው በር ላይ ተቀምጦ ሪፖርቱን ሰማ። ጅቡ ደረቱን ነፍቶ ቆመ።

«የበቅሎ ጋሪ ሲሠራ ሰነበተ። የበሬ ጋሪ አልፎ አልፎ ሠራ። የአህያ ጋሪ ጭራሽ አልሠራም።»

በሳምንቱ ከገባው ገብስ የሚበዛውን ያስገባችው አህያዋ ነበረች። በሬው ያውቃል፣ በቅሎዋም ታውቃለች። ሁለቱም መሬት መሬቱን አዩ።

«ጌታዬ፣ ያመጣሁት ገብስ እዚሁ ውስጥ ነው» አለች አህያዋ። «በሩ ይከፈትና ይታይ።»

«ምኑ ይታያል?» አለ ጅቡ። «ገብሱ ተቀላቅሏል። የእሷ የቱ ነው፣ የበቅሎዋ የቱ ነው? እህል አይጮህም፣ ጌታዬ!»

አንበሳ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ውሏል። ርቦታል፤ የሚጠብቀው ራት ደግሞ ቆሎ ነው። ተነስቶ ጎተራ መግባት፣ መጠየቅ፣ ማመዛዘን ነበረበት። አልተነሳም።

«ሹሜ የሰማውን ተናገረ» አለ። «አንድ ጊዜ ይለፍሽ። ሁለተኛ እንዲህ ከተባልኩ ጋሪሽን ታስረክቢያለሽ።»

ጅቡ ከንፈሩን ላሰ። አህያዋ አየችው። ሌሎቹም አዩት።

በማግስቱ ወንዝ ዳር ውሃ ሲጠጡ አህያዋ ከበሬው አጠገብ ቆመች።

«ጋሽ በሬ፣ የአንተ ጋሪ እንዴት አልፎ አልፎ ተሰማ?»

«አልፎ አልፎ ስለምቀባ ነዋ። ትከሻዬን ሲያመኝ እቀባለሁ። ጅቡን ስፈራ እተዋለሁ።»

«ሞራ ከሌለ ዘንጉ ይበላል። ዛሬ ባይሰበር ነገ ይሰበራል።»

በሬው ጠጥቶ ጨረሰ። ከአፉ ውሃ እየተንጠባጠበ ቀና አለ።

«ስሚኝ እህቴ። ስንት ቀንበር ተሸከምኩ፣ ስንት ጌታ አየሁ። ጌታሽ በጆሮው የሚገዛ ከሆነ ለጆሮው የሚሆነውን ስጪው። ሆዱ የሚፈልገውን ሲርበው ይጠይቅሻል።»

«ሲርበው የሚበላው እኔን ነው እኮ።»

«እኔንም ነው» አለ በሬው። «ግን ነገ ነው። አንቺን ዛሬ ሊወስዱሽ ነው።»

አህያዋ ወደ ጋሪዋ ተመለሰች። አውድማው ላይ ከወደቀው ገለባ እፍኝ አንስታ ዘንጉ ላይ የነበረውን ሞራ ጠርጋ አወጣችው። ጋሪው ሲንቀሳቀስ የራሷ ጥርስ የሚፋጭ መሰላት። ሲጥጥጥ እያለ ወጣ፣ ሲጥጥጥ እያለ ወረደ። ደረቁ ዘንግ ስለሚይዛት እንደ ድሮው ሞልታ መጫን አልቻለችም፤ ግማሽ ጫነች። በመጨረሻ ሾላው ሥር ስትደርስ ጅቡ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«አሁን ገና መሥራት ጀመርሽ!» አላት።

አፍንጫው ዙሪያ ያብለጨልጭ ነበር። ቀበሮዋም ገንቦውን ተደግፋ እግሮቿን ትልሳለች።

ነገሩ በዚህ ቢቆም ኖሮ እህሉ ዘግይቶም ቢሆን ይገባ ነበር። አልቆመም። ከአውድማው ወደ ጎተራው የሚወስደው መንገድ ከትልቅ ቋጥኝ ጀርባ ይዞራል። ጋሪ እዚያ ሲገባ ድምፁ ይጠፋል። አውድማው ግን ከሾላው ፊት ለፊት፣ ግልጥ ሜዳ ላይ ነው። እዚያ የሚጮህ ነገር ሁሉ ለጅቡ ጥርት ብሎ ይሰማል። ይህን መጀመሪያ የደረሰችበት በቅሎዋ ናት። አህያዋ አንድ ረፋድ ባዶ ጋሪዋን ይዛ ስትወርድ በቅሎዋ ጥላ ፈልጋ ቆማ፣ ጋሪዋን አንድ እርምጃ ወደ ፊት፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስትወዘውዝ አገኘቻት።

«ምን እየሆንሽ ነው፣ እትዬ በቅሎ?»

«እየሠራሁ ነዋ! አትሰሚም እንዴ?»

«እህሉስ?»

«እህሉ የት ይሄዳል? እግር የለው!»

በሬው ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ እሱም ጥላውን ተጋራ። ትከሻው ቆስሎ ነበር። አህያዋ ግን ግማሽ ጭነቷን ይዛ ቋጥኙን መዞሯን ቀጠለች። ማንም አላዘዛትም፤ ጎተራው ባዶ እንዳይሆን ስለፈራች ብቻ ነው። በየምሽቱ ታዲያ ጅቡ ከላይ ይጮህባታል።

«አንቺ አህያ! ዛሬም ድምፅሽ እያቋረጠ ነው የሚሰማው! ሁለቱ ግን ጠዋት የጀመሩ ማታ ነው የሚያቆሙት፤ እነሱን እይና እፈሪ!»

«ቋጥኙ ነው፣ አያ ጅቦ! ከቋጥኙ ጀርባ ስሆን ነው!»

«ታዲያ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

አንድ ምሽት ላይ ጅቡ መጮሁን ትቶ ራሱ ወረደ። በዙሪያዋ እየዞረ ጭኖቿን አየ።  እየሳቀ ተመልሶ ወጣ።

በማግስቱ አህያዋም አውድማው ላይ ቆማ ወዘወዘች። አላፈረችም፣ ደስም አላላትም። ደክሟት ነበር። ሦስት ጋሪዎች ቀኑን ሙሉ ተንቋቁ፤ የገብሱ ክምር ከጎናቸው እንደቆመ ዋለ። ዘንጎቹ ከውስጥ እየተበሉ እንጨታቸው እንደ ዱቄት ይረግፋል። ጅቡ በሪፖርቱ ሦስቱንም አመሰገነ። አንበሳም ተደሰተ።

አንድ ቀን ከሰዓት በፊት ሰማዩ ከምዕራብ በኩል ጠቁሮ መጣ። አንበሳ ክረምቱ ሳይገባ ጎተራውን ሊያይ ወደ ኮረብታው ወጣ። ጅቡ ሾላው ሥር ነው። ወፍሯል፤ ለመነሳት ሁለት ጊዜ ሞከረ።

«ጌታዬ፣ ጆሮዎን ያቅኑልኝ!»

አንበሳ አዳመጠ። ከሸለቆው የሦስት ጋሪ ጩኸት ተቀባብሎ ይመጣል።

«ያለ ዕረፍት ነው፣ ጌታዬ! ጠዋት ይጀምራሉ፣ ማታ ያቆማሉ!»

«እንዲህማ ከሆነ ሞልቶ ፈሷል» አለ አንበሳ። «ጥራቸው፤ በፊቴ ይመስገኑ።»

ሦስቱ ተጠሩ። ጥሪው ድንገተኛ ነበርና ባዶ ጋሪያቸውን እየጎተቱ መጡ። አህያዋ ከኋላ ነበረች። አንበሳ የበቅሎዋን ባዶ ጋሪ አየ፣ የበሬውን አየ፣ የእሷንም አየ። አንዳች ነገር ሊጠይቅ ፈለገና ተወው።

«በሩን ክፈት» አለው ጅቡን። «መጀመሪያ ቆሎ ልቅመስ።»

በሩ ሲከፈት ጩኸት አሰማ፤ ከተከፈተ ቆይቷል። ከበሩ የገባው ብርሃን ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ክምር አልፎ ባዶውን ወለል አገኘው። አንዲት ድንቢጥ ወለሉ ላይ ፍሬ ስትለቅም ነበር። በጋሪዎቹ ላይ አንድ ዓይኗን ጣል አድርጋ መልቀሟን ቀጠለች።

አንበሳ ገብቶ ወለሉን በመዳፉ ጠረገ።

«ገብሱ የት አለ?»

 ጅቡ ምናልባት ሌላ ጎተራ ይኖር እንደሆነ ዘወር ዘወር አለ።

«አውድማው ላይ ነው፣ ጌታዬ» አለች አህያዋ።

«እነዚህ ጋሪዎች እስካሁን ሲሠሩ የከረሙት ምንድን ነው?»

«የሚሰማ ጋሪ ይሠራል ተባለ» አለች አህያዋ። «ተሰማን።»

«ቀበሮ ናት!» ብሎ ጅቡ አለቀሰ። «ስማ ያለችኝ እሷ ናት!»

«ስማ አልኩት እንጂ አትይ አላልኩትም» አለች ቀበሮዋ ረጋ ብላ። «ዓይን ያለው መስሎኝ።»

አንበሳ ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ሰማዩ ቀደመው። ነጎድጓዱ ኮረብታውን አናወጠ። የመጀመሪያዋ ጠብታ አፍንጫው ላይ ወደቀች።

«ሁላችሁም ወደ አውድማ! ወንዙ ሳይሞላ!»

አህያዋ አልሮጠችም። ወደ ገንቦው ሄደች።

«ሞራ ያስፈልገናል፣ ጌታዬ። ዘንጎቹ ደርቀዋል።»

አንበሳ ገንቦውን አዘነበለ። ምንም አልወጣም። በምላስ ከመጠረጉ የተነሳ የገንቦው ውስጥ ከውጩ ይልቅ ንጹሕ ነበር። ጅቡ አንገቱን ደፋ። ቀበሮዋ ስለ ዝናቡ ብርታት ማውራት ጀመረች።

ያለ ሞራ ወረዱ፣ ያለ ሞራ ጫኑ። በቅሎዋ ከፊት ሆና ሽቅብ ስትጎትት ቋጥኙ ጋ ስትደርስ ዘንጉ እንደ ደረቅ ጭራሮ ተሰበረ። ጋሪው መንገዱ ላይ በጎኑ ተኛ፣ ገብሱ ጭቃ ላይ ፈሰሰ። ከኋላ የነበረው የበሬው መንኮራኩር በዝናብ መሃል ይጨስ ነበር፤ ትንሽ ተንገዳግዶ ቆመ። የአህያዋ ጋሪ አልተሰበረም። የሚያልፍበት መንገድ ግን አልነበረውም።

«ኧረ ምን እናድርግ?» አለች በቅሎዋ። የፈረስ ዘመድነቷን በዚያ ሰዓት ያነሳ አልነበረም።

አህያዋ ራሷን ከጋሪዋ ፈታች። ጀርባዋ አቁማዳ ከተጫነበት ዘመን የለውም። ጋሪ የመጣው እኮ ይህ ጀርባ እንዲያርፍ ነበር።

«ጫኑኝ» አለች።

በዚያ ቀን ሁሉም በጀርባው ተሸከመ። በሬው ተሸከመ፣ በቅሎዋ ተሸከመች፣ አንበሳ ስላዘዘ ቀበሮዋም ስልቻ ተሸከመች። አንበሳ ራሱ ጎተራው በር ላይ ቆሞ የመጣውን አቁማዳ ሁሉ በመዳፉ እያነሳ አየው። ከነጎድጓዱ የተነሳ ማንም ማንንም መስማት አልቻለም። የሚለካበት ሌላ መንገድ አልነበረም፤ ያለው መንገድም ከማንሳት የከበደ አልነበረም። አህያዋ ወጣች፣ ወረደች። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላወቀችም። አንበሳ በእያንዳንዱ ጊዜ አቁማዳዋን ሲያነሳ ክንዱ ዝቅ ይል ነበር፤ እሱን አየች።

በመጨረሻ ከታች የሚያቃስት ድምፅ ነጎድጓዱን ጥሶ መጣ።

«ወይኔ ወገቤ! ኧረ ተሰበርኩ! ኧረ የወገን ያለህ!»

ጅቡ ነበር። ጀርባው ላይ ያለው አቁማዳ ተወጥሯል። አንበሳ ሊያነሳው መዳፉን ሲሰድ አቁማዳው እንደ ላባ ወደ ላይ ተነሳ። አፉን ፈትቶ አራገፈው። ገለባ ነበር።

«ምን አመጣህ?» አለው።

ጅቡ ግራ ገብቶት አየው። አልዋሸም፤ ከልቡ ነበር የገረመው።

«አልሰሙኝም እንዴ ጌታዬ? ከታች ጀምሮ እስከዚህ ሳላቋርጥ እየጮህኩ ነው የመጣሁት!»

በሬው እንኳ ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ አቅም አጣ።

«ዓይን እያለኝ በዚህ ጅብ ጆሮ አየሁ» አለ አንበሳ ለራሱ። ከዚያ ወደ ጅቡ ዞረ። «አንተ ከዚህ ጎተራ ድርሻ የለህም። ሂድ።»

ጅቡ እያለቀሰ ቁልቁል ወረደ። እንደ ወረደ ወንዙ ሞላ። አውድማውን፣ ክምሩን፣ ቋጥኙ ጋ የቀሩትን ጋሪዎች ጠርጎ ወሰደ።

ከዚያ በኋላ ልኩ ተስተካከለ። አዲስ ጋሪ ተሠራ፣ ዘንጉ በኑግ ዘይት ተቀባ፣ በበሩ የሚገባው ሁሉ እየተነሳ ታየ። አሠራሩ ጥሩ ነበር። ወንዙ የወሰደውን ገብስ ግን ማንም አልመለሰውም።

ስለዚህ አህያዋ በየጠዋቱ በጎተራው በር አንገቷን አስግጋ ክምሩን ታያለች። ክምሩ ዝቅ ይላል። ዝናቡ አያባራም። የአንበሳ ቆሎ በየቀኑ ይቀንሳል። መጀመሪያ ሲቆረጥም መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ቆይቶ ሲቆረጥም እሷን ማየት ጀመረ። ክፋት አልነበረውም፤ ርቦት ነው።

ወለሉ መታየት ሲጀምር አህያዋ በሬው ወደተኛበት ሄደች።

«ጋሽ በሬ፣ ተነስ እንሂድ።»

«ወዴት?»

«ሰው ዘንድ።»

«ሰውማ ይጭንሻል። ሲያሰኘውም ይደበድብሻል።»

«ይጭነኛል» አለች አህያዋ። «ግን ከመጫኑ በፊት ዳውላውን አንስቶ ያየዋል።»

በሬው አሰበበት። ዳገቱን፣ ቋጥኙን፣ ጥላ ሥር ሲወዘውዝ የዋለባቸውን ቀኖች አሰበ። ከዚያ ተነሳ። በቅሎዋም፣ ሰው ፈረስ ያከብራል ሲባል ሰምቻለሁ እያለች፣ ከኋላ ተከተለች። ቀበሮን ሊጠሯት ጉድጓዷ ጋ ሲደርሱ ባዶ ነበር። እሷ ክምሩን ከሁሉም ቀድማ አይታዋለች።

አህያዋ እስከ ዛሬ ሰው ዘንድ ናት። ጭነቱ አልቀለላትም። ጅቡም እስከ ዛሬ በየመንደሩ ዳር እየዞረ ሌሊቱን ሲጮህ ያድራል፤ ጩኸቱ እንደ ሥራ ተቆጥሮለት አንድ ቀን ወደ ጎተራው የሚጠሩት ይመስለዋል። እሷ ከበረቱ ውስጥ ሆና ትሰማዋለች። ነገ የምትሸከመው አለና ጆሮዋን አጥፋ ትተኛለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ለመስማት የቀለለውን ብቻ የሚለካ ጌታ የሚሰማውን ሲያበዛ የሚበላውን እንደሚያጣ ነው።